ዳሌዬና አንቀጽ ዘጠኝ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን የቦሳ ኪቶ እድር «ዳሌዬን ቀዶ ሕክምና ስለማደርግ ሦስት ወር ከለቅሶ ልቅር» ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ ተመልክቶ ውሳኔውን ለእሁድ አሳደረው።

ነገሩ እንዲህ ነው... በቀኝ ዳሌዬ ሕመም ማንከስ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ከአጋሮ እስከ ሰቃ በቅቤ ያላሸኝ ወጌሻ የለም። ባለፈው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ራጅ ተነሳሁ። የአጥንት ሐኪሙ፣ ከልጄ የማይበልጥ ጎረምሳ፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው።

«ጋሼ፣ መገጣጠሚያው አልቋል። አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው። በሰው ሠራሽ እንቀይረው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተራ አለኝ፤ ካለፈዎት ቀጣዩ መቼ እንደሚገኝ አላውቅም።»

«ከተቀየረ በኋላስ?»

«በማግስቱ እናቆምዎታለን። ስድስት ሳምንት ያህል በምርኩዝ ይሄዳሉ። እስከ ሦስት ወር ግን ዝቅ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ የለም፣ ቁጢጥ ማለት የለም፣ እግር ማጣመር የለም። ካልሲዎን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያጠልቅልዎት። ሽንት ቤቱ ላይ ከፍ ያለ መቀመጫ ያሠሩ። የምናዝዝዎትን እንቅስቃሴ ካልሠሩ ደግሞ ልፋታችን ከንቱ ነው።»

ሽንት ቤቱን አናጺ ይሠራዋል። እኔን ያስጨነቀኝ የለቅሶው ድንኳን ነው። የእድራችን አግዳሚዎች ከጉልበት በታች ናቸው። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል። ሕመም ምክንያት አይሆንም።» የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የለውም፣ ቀባሪ የለውም። እኔ ዳሌዬ ሲብስብኝ ሁለት ለቅሶ ቀርቻለሁ።

ይህን አንቀጽ ማን እንደጻፈው ልንገራችሁ... እኔ ነኝ። «የጋዜጣ ሰው ነህ፣ ደንቡን አንተ አርቅቅልን» አሉኝ፤ አረቀቅሁ። «ከባድ ሕመም ካልሆነ በስተቀር» የሚል ሐረግ ነበረው። ቁርጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ስለምወድ በገዛ እጄ አወጣሁት።

የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ጀሶ ላይ ሳሉ መዝገቡን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ሦስተኛው ለቅሶ ነገ ነው፣ እትዬ» ያልኳቸው እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ሁለት ልጆቻቸው ከነፕላስቲክ ወንበራቸው ተሸክመው በዝናብ አመጧቸው። እኔም ቀና ብዬ ሳላይ «ተገኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ማመልከቻዬን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድሜ፣ ይኼ የሚገባልህ ነገር ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከብረት ነው፣ እትዬ።»

«እኔ በጀሶ መጥቻለሁ። ብረት ከጀሶ ይጠነክራል መሰለኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ አባ ዲጋ ሊያግዙኝ ብድግ አሉ።

«ሂን ታኡ! አይሆንም! ሰው ታመመ ተብሎ አይሰረዝም፤ ወላሂ፣ አላህም አይወደውም።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ... እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«የእድሩ ቃሬዛ አለ አይደለም እንዴ? ለቅሶ ሲኖር በሱ እናመጣዋለን። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ይጋደማል።»

«ከሟቹ ጋር እንዳይቀያየሩ ብቻ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ። «እሁድ በድምፅ እንወስናለን። አሁን ቃለ ጉባኤውን ያዝ፤ ጸሐፊው አንተው ነህ።»

«አባሉ ያቀረበው ምክንያት ሕመም ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቁርጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን ጽፌ አላውቅም።

እድሩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይወስናል። ሐኪሙ ሰኞ ጠዋት መልሴን ይጠብቃል። እስከዚያው የቦሳ ኪቶ ሰዎች፣ አደራችሁን... ማንም እንዳይሞት።