የጮራ ክለብ ዋስ

የማስቲሽ ሽታ ነበር መጀመሪያው። ደብረ ማርቆስ የዛሬውን ያህል ሳትሰፋ፣ ከደጀን የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ከነሾፌሩ በስም በሚታወቅበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጮራ ክለብ ተጫዋቾች የተነፈሰች ኳሳቸውን ታቅፈው ወደ አንድ ጎሚስታ ቤት ገቡ። ጎማ ለጣፊው አካለ ወልድ ጢሙ ገና እያቀማቀመ ነበር። ኳሷ ከቆዳ የተሰፋች፣ አፏ እንደ ጫማ በጠፍር የሚታሰር ነበረች። ጠፍሩን ፈታ፤ ነፋስ የምትይዘውን ከመነዳሪዋን አወጣ፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የምትተፋበትን ቀዳዳ አገኘ፤ ፋቀ፣ ማስቲሹን ቀባ፣ እፍ እፍ ብሎ አደረቀ፣ ለጠፈ፣ ነፋ። የክለቡ አምበል ኳሷን መሬት ላይ አንዴ አነጠራትና፣ «እንዲህ ነው እንጂ! በል ና፣ ጨዋታውን እይልን» አለው።

አየላቸው። «ኳሷን ስለጥፍ እኔም አብሬ ተለጠፍኩ» ይላል አካለ ወልድ፣ ስለዚያ ቀን ሲያወራ።

ከዚያ ወዲያ የራሱን ጎሚስታ ቤት በደጀን መውጫ ከፈተ፤ የጨሞጋን ልጅ የብርጓልን አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ ልጆቹም አድገው በየሀገሩ ተበተኑ። እሑድ ግን እሑድ ነበር። ሌላው ቀርቶ ጫጉላ ሳይወጣ፣ ሚዜዎቹ ቆሎ ሲቆረጥሙ ጠብቆ በጓሮ በኩል ወደ ሜዳው ጠፍቶ እንደነበር የብርጓል እስከ ዛሬ ትናገራለች። «እኔን ያገባኝ ከጮራ በተረፈው ልቡ ነው» ትላለች ለጎረቤት። አካለ ወልድም አይክድም።

ሱሩርን ያወቀውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ጮራ በመጨረሻው ደቂቃ ግብ አስቆጥሮ ሰዉ ሁሉ ሲዘል፣ አካለ ወልድ አጠገቡ የነበረውን ሰው ስሙን ሳይጠይቅ አቅፎ አነሣው። ሰውየው ከይጁቤ መጥቶ በከተማው ጨርቅ መነገድ የጀመረ ወጣት ነበር። መሬት ሲደርስ ኮፍያውን እያስተካከለ፣ «ወንድሜ፣ ሱሩር እባላለሁ፤ በሚቀጥለው ግብ እኔ ነኝ የማነሣህ» አለው። በዚያ ዓመት የሚቀጥለው ግብ ብዙ ቆየ፤ ወዳጅነቱ ግን ጸና። አካለ ወልድ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ጡሩምባ ፈትቶ፣ በእግር ከሚረገጥ መንፊያ ጋር አገናኝቶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሱሩር ሲረግጥ የጮራ ጡሩምባ እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። በዓል ሲመጣ አንዱ ካንዱ ቤት አይቀርም፤ የብርጓልም ለሱሩር ብላ ለብቻ ያስቀመጠችው ሳህንና ድስት አላት።

እንዲህ ሆኖ ዘመኑ አለፈ፤ ጮራም አረጀ። ሰው ያረጃል፣ ክለብ ግን ማርጀት አልነበረበትም። አሠልጣኝ እንደ ጎማ ይቀያየር ጀመር። ሥራ አመራሩ በየዓመቱ መጀመሪያ በአዳራሽ ሰብስቦ ለውጥ ይሰብካል፤ በየዓመቱ መጨረሻ ጮራ ከሊጉ ላለመውረድ ይንፈራገጣል። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንዲሉ፣ ደጋፊው በቀልድ ይተነፍስ ነበር።

«ይኸ ግብ ጠባቂያችን ምን ሆኖ ነው እጁን የሚያወናጭፍ?»

«ከማሳ ወፍ እያባረረ ነው ያደገ፤ ኳሷም ወፍ መስላው ነው።»

«አጥቂያችንስ?»

«እሱንማ ለገበያ ብታወጣው፣ ጥርሱን አይቶ የሚገዛህ አታገኝም።»

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ብቻ አይቀለድበትም ነበር፤ ይታያል የሚባለው አምበል። ከጉንደ ወይን ገጠር የመጣ፣ ኳስ ከእግሩ ብትወጣ ነፍሱ የምትወጣ የሚመስለው ተከላካይ ነው። ሲሸነፉ ማልያውን አውልቆ አይወረውርም፤ ወደ ደጋፊው መጥቶ አንገቱን ይደፋል። ሰዉም «አንተን አይደለም ይታያል፣ አንተን አይደለም» እያለ ይሸኘዋል።

ዘንድሮ ዓመቱ ሳይጋመስ ሥራ አመራሩ ይታያልን ሊሸጠው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ደጋፊው በሱሩር ሱቅ በር ተሰብስቦ መከረና አንድ ነገር ወሰነ። በእሑዱ ጨዋታ ማንም ወደ ሜዳው አልገባም። ሁሉም ከአጥሩ ውጭ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አካለ ወልድም ተቀመጠ፤ አንገቱ ግን አልታዘዝ አለው።

«አካሌ፣ አንገትህን መልስ» አለ ሱሩር ሳይዞር።

«የፉጨት ድምፅ ሰምቼ ነው።»

«ፉጨቱን በጆሮህ ስማው።»

ከዚያ እሑድ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ደመላሽ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር ወደ አካለ ወልድ ቤት መጣ። ደመላሽ የከተማው ልጅ ነው፤ ብስክሌቱ በተነፈሰ ቁጥር አካለ ወልድ እየነፋለት ነው ያደገው። ሱፍ ለብሷል። የብርጓል ወንበር ስታቀርብለት አልተቀመጠም፤ ጎንበስ ብሎ የአካለ ወልድን ጉልበት ሳመ።

«ተው፣ ተው ልጄ፤ ምን ሆናችሁ?»

«ልንማጠንዎ ነው የመጣን ጋሼ። ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠን። ልጆቹ በባዶ ሜዳ መጫወቱ ሞራላቸውን ገደለው። ይታያል ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ የጠላት ወሬ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ይታያል ከጮራ ንቅንቅ አይልም።»

«ይህን ታዲያ ራስህ ለምን አትነግራቸውም?»

ደመላሽ ፈገግ አለ። «እኔን ማን ያምነኛል ጋሼ? እርስዎን ነው የሚያምኑ።»

አካለ ወልድ ይህ ነገር ልቡን ነካው። ዕድሜውን ሙሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ ያየ ሰው፣ ክለቡ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲለምነው እንዴት አይነካው? እሺ አለ። እንግዶቹ ዳቦ ቆርሰው፣ መርቀው፣ ተመርቀው ሄዱ።

«ወረቀት አላስፈረምካቸውም?» አለች የብርጓል ሰሃኑን እያነሣች።

«ጉልበቴን የሳመውን ሰው ፈርምልኝ ልበለው?»

«ጉልበትስ ስንቱ ይስማል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ወደ ሱሩር ሱቅ ሄደ። ደጋፊዎቹ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ሱሩር ለአንዲት ደንበኛ አቡጀዲ እየለካ ነበር። አካለ ወልድ የመጣበትን ተናገረ። ሱሩር ጨርቁን ቀዶ፣ አጥፎ፣ ለሴትዮዋ ሰጥቶ ከሸኛት በኋላ ነው ቀና ያለው።

«አካሌ፣ ይታያል አይሸጥም ያልከው፣ እነሱ ይላሉ ነው ወይስ አንተ ትላለህ?»

አካለ ወልድ ይህችን ጥያቄ በኋላ ስንት ጊዜ አሰባት! «እነሱ ይላሉ» ቢል ኖሮ እውነት ነበር፤ ማንም አይቀየመውም። ነገር ግን የእሑድ ሜዳ በዓይኑ መጣበት፤ የሰዉ ጩኸት፣ ጡሩምባው። ደግሞም የሰው ቃል ተሸክሞ መጥቶ «እኔ የለሁበትም» ማለት የመልእክተኛ እንጂ የሽማግሌ ወግ አልመሰለውም።

«እኔ እላለሁ» አለ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ አለቀ» አለ ሱሩር፣ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ጡሩምባውን ከመጋዘን አውጡት።»

እሑድ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የሰሞኑን ብርድ ሸሽተው ቤታቸው የተኙ አዛውንት ሳይቀሩ መጡ። ሱሩር መንፊያውን ረገጠው፤ ጡሩምባው አጓራ። ጮራዎች በተርታ ወደ ሜዳው ብቅ ሲሉ ሰዉ ተነሥቶ ይታያልን ፈለገ። የአምበልነቱ ጨርቅ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ነበር። መጀመሪያ ታሞ ይሆናል ተባለ። ደግሞ ቅጣት አለበት ተባለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን ወደ ፊት ሰደደ፤ ሰዉ እየተቀባበለ አካለ ወልድ እጅ ሲያደርሰው ወጣቱም ተከትሎት ደረሰ።

ይታያል ፎቶው ላይ የሌላ ክለብ ቢጫ ማልያ ይዞ ቆሟል፤ አይስቅም። አጠገቡ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚስቀው ደመላሽ ነው። የለበሰው ያንኑ ሱፍ ነው።

«ጋሼ፣ ደመላሽ ቤትዎ የመጣ ሐሙስ ነው ብለውናል አይደል?» አለው ወጣቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሐሙስ ነው።»

«ይኸን ፎቶ የተነሡት ረቡዕ ነው። አዲሱ ክለቡ ራሱ ነው ያወጣው።»

እንግዲህ ደመላሽ ያን ጉልበት ሲስም ይታያልን ሸጦ ጨርሶ ነበር። አካለ ወልድ ጉልበቱን ባለማወቅ በእጁ ጠረገው። የጡሩምባው ጩኸት መሀል ላይ ተቋረጠ፤ ሱሩር እግሩን ከመንፊያው ላይ አንሥቷል። ጮራ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። አንድም ሰው አካለ ወልድን ክፉ አልተናገረውም፤ ቢሰድቡት በወደደ። ጨዋታው አልቆ ሲወጣ ሰዉ እንደ ወትሮው መንገድ ለቀቀለት። ያን ዕለት ግን ከወትሮው ሰፋ አድርገው ነበር የለቀቁለት።

ሰኞ አካለ ወልድ ጎሚስታ ቤቱን ሳይከፍት ዋለ። አመሻሽ ላይ ሱሩር መጣ። ሁልጊዜ በሚቀመጥበት፣ በመስኮቱ ሥር ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ። የብርጓል ሻይና ዳቦ አቀረበችለት፤ ሳይነካው ሲቀር ወደ ጓዳ ገባች።

«እኔም እኮ ተታልዬ ነው ሱሩር» አለ አካለ ወልድ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ታዲያ...»

«እነሱን እኮ ድሮም አላመንኳቸውም። ከአፋቸው ቅቤ ከልባቸው ጩቤ እንደማይጠፋ እኔም ሰዎቹም እናውቃለን። ሜዳ የገባነው አንተ ስላልክ ነው። ትናንት ማታ ሱቄ በር ላይ ቆመው ‹ሱሩር፣ ምን ልትለን ነው?› አሉኝ። የምለው አጣሁ።»

«ምን ላድርግ ትላለህ?»

ሱሩር አካለ ወልድን ትክ ብሎ አየው። «ደውልለት። አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ። ዋሽተኸኛል በለው። ሌላ አልፈልግም። ነገ ለሰዎቹ ‹ነግሮታል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ› እላቸዋለሁ፤ ነገሩ ከአንተ ላይ ይወርዳል።»

ፍርዱ ቀላል ነበር። አካለ ወልድ ስልኩን አወጣ፤ ሱሩር ድምፁን ከፍ አደረገለት። ደመላሽ ቶሎ አነሣ።

«ጋሼ! እንዴት ዋሉ? እትዬ የብርጓል እንዴት ናቸው? ብርዱስ?»

«እግዜር ይመስገን። ደህና ናት። ብርዱም ደህና ነው።» ሰላምታን ሳይመልሱ መቆጣት አያውቅበትም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ደመላሽ፣ ልጄ...»

«ልጄ» የምትለው ቃል ሳይጠራት ወጣች። ሱሩር ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ቅር ብሎዎታል። ልክ ነዎት። ግን ያን ቀን እውነቱን ብነግርዎ ሕዝቡን ያመጡልኝ ነበር?»

«አላመጣም።»

«አዩ። ለራሴ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምድር ትዋጠኝ። ይታያል ባይሄድ ኖሮ ልጆቹ ደመወዝ አያገኙም ነበር። አሁን ከበላይ ‹ደጋፊ የሌለው ክለብ ለምን ይኖራል› እያሉን ነው። የሚቀጥለው እሑድ ሜዳው ባዶ ከሆነ ጮራን ያፈርሱታል ጋሼ። ጮራ የእርስዎም አይደል? አንድ ጊዜ ብቻ ያነጋግሩልኝ።»

አካለ ወልድ ይህም ውሸት ሊሆን እንደሚችል ጠፍቶት አይደለም። ያው ድምፅ፣ ያው ማር ነበር። ነገር ግን «ያፈርሱታል» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ። ጮራ የሌለበትን እሑድ ሊያስበው ሞከረ፤ ከቁርስ ወዲያ ያለውን ሊያገኘው አልቻለም።

«ሰዉ ከመጣ አይፈርስም ነው የምትለኝ?»

«ሰዉ ከመጣ አይፈርስም።»

ሱሩር ከመደቡ ላይ እጁን አነሣ፤ አንድ ቃል ብቻ እንደሚጠብቅ ሰው።

«እስቲ ላነጋግራቸው፣ ልጄ» አለ አካለ ወልድ።

ስልኩን ሲዘጋ ሱሩር ተነሥቶ ነበር። ኮቱን ከመስኮቱ ላይ አወረደ፤ ቀኝ እጅጌውን፣ ከዚያ ግራውን በእርጋታ አጠለቀ። ሲሄድ ሁልጊዜ በጓዳው በር በኩል አልፎ «የብርጓል፣ በሉ ደህና እደሩ» ሳይል አይወጣም ነበር። በጓዳው በር በኩል አላለፈም።

«ሱሩር፣ ክለቡ እኮ ነው» አለ አካለ ወልድ። «ሌላ ምን አለን?»

ሱሩር መዝጊያውን ከፈተና ወጣ።