ሁለቱ 2016

ቂርቆስ ሰፈር ገብታችሁ «የሃድጉ ቤት የት ነው?» ብትሉ ማንም አይመልስላችሁም። «ሃድጉ ካሴቱ» ካላችሁ ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር እጃችሁን ይዞ ደጃፉ ያደርሳችኋል። ስሙ የወጣለት በጉብዝናው ዘመን፣ ለገሃር አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት ይቀዳ በነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ ሙዚቃ ቤቱ ተዘጋ፣ ካሴት የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ መጫን ጀመረ። ሃድጉ ግን ዞሮ ዞሮ ካሴት ላይ ወደቀ። ካዛንቺስ ራጅና ሲቲ ስካን የሚያነሳ የግል ማዕከል በጥበቃ ተቀጥሮ ሳለ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው ካሴት የመሰለ ነገር ይዞ ሲያልፍ አይቶ «ይሄንንስ እኔም አውቀዋለሁ!» አለ። ሳቁበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ግን ጥበቃውን ትቶ የካሴቶቹ ኃላፊ ሆነ።

የሙዚቃ እንዳይመስላችሁ፤ የበሽተኛ ምስል ነው። በየቀኑ የሚነሳው ደረት፣ ጭንቅላትና አከርካሪ መጀመሪያ ሰርቨር የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ሰርቨር ደግሞ እንደ ሰው ሆድ ይሞላል። ስለዚህ ዓመት ያለፈው ምስል ወደ ካሴት ይገለበጥና ከሰርቨሩ ላይ ይጠፋል። ሁለት ሁለት ቅጂ እንዲሆን ሃድጉ በየስብሰባው ለምኗል። «በሚቀጥለው በጀት» ይሉታል። በጀት መጣ፣ በጀት ሄደ፤ እያንዳንዱ ካሴት አንድ ለእናቱ እንደሆነ ቀረ።

ካሴቱ ላይ ቀን የሚጽፈውም እሱ ነበር። ድሮ ኮምፒዩተሩ እንደሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚጽፈው። እንግዳ ተቀባዮቹ ግን በሽተኛውን የሚመዘግቡት በእኛ ነውና፣ «የጥቅምቱን አምጣ» ባሉት ቁጥር የፈረንጁን ወር ሲያሰላ ይውላል። ሰለቸው። በ2016 የእንቁጣጣሽ ማግስት «በገዛ አገሬ በሰው ዘመን ምን አስቆጠረኝ!» ብሎ ወደ እኛው ዞረ። የፈረንጁን በነጭ ወረቀት፣ የእኛውን በቢጫ። የሚጽፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥር ከሆነ 5/2016፣ በቃ። የነጩንና የቢጫውን ምስጢር ለማንም አልነገረም። ማንስ ጠየቀው? ካሴቱን የሚያወጣው እሱ፣ የሚመልሰው እሱ።

ሚስቱ ሉሊ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ጧፍ፣ ክብሪትና ሳሙና የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ምላሷ መርፌ፣ ሳቋ ግን ሰፈር የሚያነቃ ሴት። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ በሽታ ልቧን ነክቶት ስለነበር፣ ጥር 2016 ላይ «ደረቴን ወጋኝ» ስትል እዚያው ባሏ መሥሪያ ቤት ሲቲ ስካን ተነሳች። ልብሽ ነው፣ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ አሏትና ምስሉን በሲዲ ሰጧት። ሲዲውን ምን አደረገችው ብትሉ፣ ሱቋ በር ላይ በክር ሰቀለችው። «ያብለጨልጫል፤ ደንበኛ ይጠራል» አለች። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ተላልጦ አለቀ። ሃድጉ ያን ጊዜ ሳቀ። «ግድ የለም፣ ደረትሽ እኔ ዘንድ ተቀምጧል» አላት።

«እንግዲህ ትልቅ አደራ ነው፤ በልተኸኝ እንዳትገኝ» አለችው።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ማዕከሉ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ኦሎምፒያ አንድ ፎቅ ላይ ተከራየ። ካሴቶቹም በካርቶን ታጭቀው ሄዱ፤ ነጩና ቢጫው ተደባለቀ። ሃድጉ ሊለያቸው እያሰበ ነገ ዛሬ ሲል ሰነበተ።

አዲሱ ቤት አዲስ የሲቲ ማሽን ገባ፤ ምስሉም እጥፍ ድርብ ሆነ። ያ አሮጌው ካሴት መጻፊያ አልችል አለ። ሌሊቱን ሲገለብጥ አድሮ ጠዋት ሐኪሞቹ ሲገቡ ገና ግማሽ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ስክሪናቸው ይንቀራፈፋል፣ እነሱም ይሳደባሉ። ስለዚህ ፈጣን ነው የተባለ አዲስ የካሴት መጻፊያ ማሽን ተገዛ። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ምሎ ተገዝቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን «ሳይፈተን አልረከብም» አለ። ፈተናው ለሲፋን ተሰጠ።

ሲፋን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ ጎበዝ፣ ጨዋ ልጅ። ሃድጉን እንደ አባቷ ነው የምታየው። የመጀመሪያውን ሙከራ አብረው ቆመው ሰሙት። ማሽኑ ጅው ይላል፣ ቋ ብሎ ይቆማል፣ ደግሞ ጅው ይላል።

«ያመነታል» አለ ሃድጉ።

«አሪፍ ቃል ናት ጋሼ፣ በቃ ያመነታል! ማለቴ፣ ካሴቱ መሮጥ ነው የሚወደው። ሰርቨሩ ዳታውን ቶሎ ካላቀበለው ይቆማል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው። ግን ጥፋቱ የሰርቨሩ ይሁን የማሽኑ አላወቅኩም።»

ይህን ለመለየት መንገዱ አንድ ነው። የበሽተኛ ምስል ሳይሆን፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚፈበርከውን ትርጉም የለሽ ኮተት ካሴቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በኃይል ማፍሰስና ፍጥነቱን መለካት። ለዚህ ቢበላሽ የማያስቆጭ ካሴት ያስፈልጋል። የታዘዙት አዳዲሶቹ ጉምሩክ ናቸው።

ሲፋን ይህንን ሙከራ ባደረገችበት ቀን ሃድጉ ፈቃድ ወስዶ ሉሊን ሐኪም ቤት ይዟት ሄዶ ነበር። ሳል አልለቅ ብሏት እዚያ ሐኪም ቤት እንደገና ሲቲ ተነስታ፣ ውጤት ለመስማት ወረፋ ይዘዋል። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ሃድጉ፣ ይቅርታ ረበሽኩዎት። ለቴስት የሚሆን ጊዜው ያለፈበት ካሴት የትኛው ነው? ብጽፍበት ችግር የሌለው?»

«2016ቱን ውሰጂ። ካርቶኑ ውስጥ አለ። ዘመኑ አልፎበታል፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

«እሺ ጋሼ፣ ኑሩልኝ!»

አቤት ይህ ዓመተ ምሕረት! እሱም ያሰበው የፈረንጁን ነው፣ እሷም የገባት የፈረንጁን ነው፤ ተግባብተዋል። ያልተግባባው ካርቶኑ ነው። ከውስጡ 2016 የሚል ነጭ አወጣች፤ አዲሱ ማሽን ተፋው። ሌላ ነጭ ሰጠችው፤ ያንንም ተፋው። አርጅተው ነው ብላ 5/2016 የሚል ቢጫ አነሳች። የዛሬ አሥር ዓመት የግንቦት ወር መሰላት። ማሽኑ ዋጠው። ያረጁትን አልቀበልም ያለ ማሽን ይሄኛውን ለምን ተቀበለ ብሎ የጠየቀ የለም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

እነ ሃድጉ ተራቸው ደርሶ ገቡ። ዶክተር ረጋሳ ምስሉን አሳያቸው፤ ሉሊ ሳንባ ላይ፣ ከትልቁ የደም ሥር ጥግ፣ አንዲት ነጭ ነገር ተቀምጣለች።

«አቶ ሃድጉ፣ ይቺ ነገር ከሁለት ዓመት በፊትም እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ መጠን ከነበረች ጠባሳ ናት፤ እንተዋታለን። አዲስ ከሆነች ግን ካንሰር ልትሆን ትችላለችና ዝም ብለን መቀመጥ አንችልም። በመርፌ እንዳልነካት ቦታው ክፉ ነው። መክፈት ሊኖርብን ነው፤ በዚህ ልባቸው ደግሞ መክፈቱን አልወደውም። የድሮው ምስል ይኖራችሁ ይሆን?»

«የኔን ፀሐይ በላው ዶክተር» አለች ሉሊ እየሳቀች፤ «ባሌ ግን የካሴት ሀብታም ነው።»

ሃድጉ ደረቱ ተነፋ። «ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ» አለ።

በማግስቱ ቢሮ ሲገባ ቤቱ ሠርግ ቤት መስሏል። ሥራ አስኪያጁ ለሁሉም ማኪያቶ አዝዟል። ሲፋን ሮጣ መጣች። «ጋሼ! ማሽኑ ጉድ ነው! ይበርራል በቃ! ያጓተተን ሰርቨሩ ነው፤ እሱን እናስተካክለዋለን!»

«እሰይ የኔ ልጅ» አለና ካርቶኖቹን ከፈተ። ቢጫዎቹን እየለቀመ ደረደራቸው። ታኅሣሥ አለ። የካቲት አለ። ጥር የለም። ካርቶኑን ዘቀዘቀው።

«ሲፋን፣ ትናንት የቱን ነው የተጠቀምሽው?»

«2016 ያሉኝን ነዋ። ሁለቱን ተፋቸው፣ ሦስተኛውን ተቀበለ። ይኸው።»

ቢጫ ነበር። ሃድጉ ባለበት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ጋሼ? ውኃ ላምጣልዎት?»

«ቢጫው የእኛ ነው» አለ። «ጥር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመቱ ጥር። ሉሊ እዚህ ውስጥ ነበረች።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ካሴቱን ነጥቃ አስገባችው፣ ያወቀችውን ሁሉ ሞከረች፣ ሻጩ ጋ ደወለች፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት መምህር ጋ ደወለች። መልሳቸው አንድ ነው፤ የተጻፈበት ላይ ተጽፎበታል፣ ሥሩ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ካሴት ግን ይለቃል፤ ስለ ቀድሞው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች ሲፋን እያለቀሰች።

«ዝም በይ። የጻፍኩት እኔ፣ ውሰጂ ያልኩሽ እኔ።»

አመሻሽ ላይ ሉሊ ሱቅ ሄደ። ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ መግባት አቃተው።

«ጠፋ» አላት።

«ምኑ?»

«ደረትሽ። ተጻፈበት።» የነጩንና የቢጫውን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ሉሊ የምትቆጥረውን ጧፍ አስቀመጠች። «ከፈረንጅ ጋር በዘመን ተጣልታችሁ፣ የተታኮሳችሁት እኔ ደረት ላይ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባት፣ ሳሉ ደግሞ ለቅሶ። «ፈራሁ ሃድጉ። ቢላ እፈራለሁ። ታውቃለህ እኮ፣ ዶሮ እንኳ ሲታረድ አላይም።» ሃድጉ ባንኮኒውን ዞሮ ገብቶ አቀፋት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዜናውን ለዶክተር ረጋሳ ነገሩት። «ብንጠብቅና ክፉው ከሆነ ያመልጠናል» አላቸው። «ብንከፍት ደግሞ ልባቸው አለ። የድሮውን ምስል ባየው ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር።»

ሃድጉ እንጠብቅ አለ። ሉሊ ግን በየቀኑ ሞቴን ስጠብቅ አልኖርም አለች። «ወይ ይውጣልኝ፣ ወይ ይለይልኝ። አንተ ደግሞ ፊትህን አታጨፍግግ፣ አስከሬን ሳልሆን አትልቀሰኝ።» ቤቷን አጸዳች፣ የሱቋን ቁልፍ ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ራቢያ ሰጠች፣ ሐኪም ቤት ሄዳ ተኛች።

ነገርየዋን ቆርጠው አወጡላት። ልቧ ግን አልቻለም። ከሰመመኑ ሳትነቃ ሞተች።

ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። ለቀስተኛው በበዛበት ከሰዓት ዶክተር ረጋሳ ራሱ መጣ፤ በስልክ መንገር አላስቻለውም። ሃድጉ አጠገብ ተቀምጦ አጎነበሰ። «የላቦራቶሪው ውጤት መጣ» አለ። «ጠባሳ ናት አቶ ሃድጉ። የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ። ልጅ ሆነው ይዟቸው ሳይታወቅ የዳነ። እንዲሁ ብንተዋት ምንም አታደርጋቸውም ነበር።»

በሌላ ጎኑ የተቀመጡት ወይዘሮ ራቢያ ሰሙና ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉት።

«አይደለም!» ብሎ ተነሳ። «አላህም እግዜርም የሉበትም! ምንም ያልነበረባትን ሴት ያሳረድኳት እኔ ነኝ! በዚህ እጄ ነው የጻፍኩት!» እጁን ለሰው ሁሉ አሳየ። የእድሩ ዳኛ ወገቡን ይዘው አስቀመጡት። «ሐዘኑ ነው፣ ያናግረዋል» ተባባሉ። ካሴት ሰው ይገድላል ብሎ የሚያምን አንድ እንኳ አልተገኘም።

ሲፋን ከቀብሩ ጀምሮ አልሄደችም፤ ኩባያ ታጥባለች፣ ውኃ ታዞራለች። ለሃድጉ ጎንበስ ብላ ውኃ ስታቀርብለት እጇን ያዛት።

«ያ ማሽን ስንት ነበር የሮጠው?»

«ይተዉት ጋሼ። በፈጠረዎት።»

«ንገሪኝ።»

«በሰከንድ… ሦስት መቶ ሜጋባይት።»

«የአንድ ሰው ደረትስ? የሉሊስ ስንት ይሆናል?»

ልጅቷ መልሱን ታውቃለች፤ ፊቱን ማየት ግን አልቻለችም። «እሱም ሦስት መቶ ገደማ ነው» አለች ወደ ኩባያው።

«እንግዲያው አንድ ሰከንድ ነው የፈጀባት?»

«አዎ ጋሼ» አለች ሲፋን። «አንድ ሰከንድ ነው።»