ደጋ የወጣ ይቀድማል

የሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ዋሲላ ናት። ድምጿ ከመኪና ጥሩምባ ይበልጣል ይሏታል፤ እሷም «አልዋሹም» ትላለች። ተወልዳ ያደገችው እዚያው አጠገብ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰችው በለውጡ ሰሞን፣ ወጣቱ በየማኅበሩ ሲደራጅ ነበር። እሷም የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ውስጥ ገባች።

«ሴት ልታሰልፈን ነው?» አለ ባድሩ፣ ከቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌሮች ሁሉ ምላሰኛው።

«እናትህ ወንድ ነበሩ እንዴ? ተሰለፍ!»

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ጩኸት ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላጤነው ግን ድንቅ ነገር አለው። ሐይቅ ላይ ቆመው ወደ ደሴ፣ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ወረባቦ፣ ወደ አምባሰል ደጋ መሄድ ይችላሉ፤ መንገዶቹ ግን እኩል አይደሉም። ደሴ አስፋልት ነው፤ መኪናው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይመለሳል። የደጋው መንገድ ጠጠር ነው፤ ጎማ ይበላል፣ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ሾፌሩም እዚያው ማደሩ ነው። ሁሉም ልቡ ወዳለው ይሂድ ቢባል፣ ደሴ መኪና ሲሻማበት ደገኛው በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ይወርዳል።

ዋሲላ ለዚህ መላ ዘየደች። ደጋ የወጣ ሾፌር፣ ሲመለስ የደሴ የመጀመሪያ ተራ የሱ ይሁን፤ እሱ ሳይጭን ማንም አይጭንም። ሾፌሮቹ ተጨቃጨቁ፣ ሽማግሌ ገባበት፣ በመጨረሻ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዱዓ ተደረገበት። በወሎ በዱዓ የታሰረ ነገር ከፊርማ ይበልጥ ይጸናል። ከዚያ ወዲህ ደጋው መኪና አጥቶ አያውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለች ቀላል ነገር የስንቱን እግር አሳረፈች!

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። ዋሲላ እናቷን ይዛ ተሰደደች። ከተማዋ ተለቅቃ ዋሲላ ስትመለስ መናኸሪያው መስኮት አልተረፈለትም። ከቅጥቅጦቹም የቀሩት ሾፌሮቹ ይዘዋቸው የሸሹት ጥቂቶቹ ነበሩ። ነዳጅ በጀሪካን፣ ያውም በልመና ነው።

ሥራ በተጀመረበት ጠዋት የደሴ ተሳፋሪ ግቢውን ሞላው። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ደገኞቹ ከነጓዛቸው ቆመዋል። መስኡዳ የምትባለው ሴት የዋሲላን እጅ ያዘች።

«እቴ፣ እናቴን ደጋ ጥያት ነው የሸሸሁት። ትኑር ትሙት አላውቅም። ዛሬ ካልወጣሁ ልቤ አይችልም።»

ዋሲላ ሾፌሮቹን አየች። ሁሉም ጎማ ጎማውን ያያል።

«ወላሂ አልወጣም!» አለ ባድሩ። «መንገዱ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ደሴ ነኝ።»

ሙላት፣ ዝምተኛው ሾፌር፣ ከመኪናው ወረደ። «በግሸን ማርያም፣ ሰው እናቱን እየፈለገ እንዴት እንተወዋለን? እኔ እወጣለሁ፣ አብሽሪ።»

መስኡዳ ጓዟን ብድግ አደረገች።

«አይሆንም» አለች ዋሲላ።

«እሱ እሺ ካለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ጮኸች መስኡዳ።

የዋሲላ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ጦርነቱ ሊገባ ሲል ደጋ የወጣው ሙላት ነው። ሲወርድ ግቢው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የደሴ ተራው እስካሁን አለ።»

ባድሩ ሳቀ። «ባንክ ተዘርፎ፣ ቤት ተዘርፎ፣ ተራ ብቻ ተረፈ?»

«ዱዓው ላይ አሚን ያልከው ማን ነው? አሚንህንም ዘረፉህ?» ወደ መስኡዳ ዞረች። «እህቴ፣ ደጉን ሰው ዛሬ ደግመን ከላክነው፣ ከእንግዲህ ደጋ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። የሱ መኪና የተሰበረ ቀን እናትሽን ማን ያወርድልሻል?»

የደሴን ታፔላ አንስታ ሙላት መኪና ላይ ሰቀለችው። ተሳፋሪው ተጋፍቶ ገባ፤ ሙላትም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መስኡዳ ጓዟ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት። ዋሲላ መኪና በሌለበት «ደጋ! አምባሰል ደጋ!» እያለች ትጣራለች። ብትሳሳትስ? ያቺ ሴት እዚያው ብትቀርስ?

ባድሩ የሙላት መኪና ከበሩ እስኪሰወር ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣ።

«የኔም ተራ እንዲህ ይጠበቃል?»

«ይጠበቃል።»

«ጦርነት ቢመጣ?»

«ቢመጣም።»

«ብሸሽስ?»

«ስትመለስ።»

«ብሞትስ?»

«አብሽር፣ ምላስህ ተራህን ይጠይቃል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባድሩም ሳቀና እጁን ዘረጋ፤ «አምጪው ታፔላውን!»

መስኡዳና ደገኞቹ ተሳፈሩ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ዱዓ አደረጉ፤ መኪናው በአሚን ተሞልቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የደሴ ሰልፍ ተሠርቷል፤ ፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ዋሲላ ጆሮ አልሰጠችም። ከሾፌሮቹም ወደዚያ ቦታ ጎማውን ያስጠጋ የለም። ሙላት ሁለተኛው ላይ ቆሞ መሪውን ተደግፏል። ፀሐይ ሐይቁን ስትነካ ባድሩ አቧራ ለብሶ ከች አለ።

«እናትየው ደኅና ናቸው!» አለ ገና ሳይቆም። «ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ወደኔ ዞረው "እስካሁን ምን አስቆየህ?" ብለው ተቆጡኝ እኮ!»

ዋሲላ ከሰልፉ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በእጇ አሳየችው።