ኡሙሰልማና የአጋር ልቅሶ

ባለቤቴ ኡሙሰልማ ወደ አኼራ ከሄደች ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጠዋት ሻዬን ራሴ አፈላለሁ። ደጄን ጠርጌ፣ የትናንቱን ቂጣ በልቼ፣ ከደሴ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወዳለው የስፌት ሥራዬ እወርዳለሁ። ሀረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲተኛ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ዝግ ይላል፤ ተሳፋሪውም ወሬውን ያቆማል። መንገዱ፣ ገደሉ፣ ባሕር ዛፉ ይጠፋና መኪናው ነጭ ነገር ውስጥ የቆመ ይመስላል። እኔ ኡሙሰልማን የማስባት እዚያ ላይ ነው።

ታይፒስት ነበረች። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የሰው ክስ ስትጽፍ ኖራ ስለ ራሷ አንድ ገጽ አልጻፈችም። ስለዚህ የማውቀውን እኔ ልጻፍ።

የተወለደችው እዚሁ ወሎ፣ ቢስቲማ ነው። አባቷ ሼህ ሱሌማን የዐረብኛ ኪታብ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ከወንዶቹ ልጆቻቸው አንዱም ለብዕር አልሆን ሲላቸው የመጨረሻዋን ሴት ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ሸምበቆ መቅረጽና ቀለም መበጥበጥ አስተማሯት። እጇ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ የለመደው ያኔ ነው። ደሴ መጥታ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ደግሞ የጽሕፈት መኪና ተማረች። መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። «አንዱ ይወስደኛል፣ ሌላው ይመልሰኛል» እያለች ትስቅ ነበር።

ተጋብተን ሂሻምን ወለድን። ሦስት ዓመት እንደሞላው ትኩሳት ያዘውና ሆስፒታል አስገባነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ ሞተ። ስደርስ ኡሙሰልማ ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ልጁ ክፍሉ ውስጥ አንሶላ ተሸፍኗል። አጠገቡ የነበሩት አስታማሚዎች ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምር እናቱ ተነሥታ እንደ ወጣች፣ ቢጠሯትም እንዳልተመለሰች ነገሩኝ። አንዷ «ጥላው ወጣች» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ኡሙሰልማም ሰምታታለች።

ከዚያ በኋላ የልጁ ስም ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። ስታለቅስ አላየኋትም። ትሠራለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ትሰግዳለች። አንድ የዐረፋ ሰሞን ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሽማግሌ የሃጀርን ታሪክ አነሡ። ልጇን ውሃ ሲጠማው ከኮረብታ ኮረብታ እየሮጠች ውሃ ስለ ፈለገችው እናት ያወራሉ። ኡሙሰልማ ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች። ተከትያት ስወጣ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«እሷ ሮጠች» አለችኝ። «እኔ ተቀመጥኩ።»

ከዚያ ተመልሳ ገብታ ሰሃኖቹን ማንሣት ጀመረች። 

በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል መምህር አግማስ የሚባል ሰው ወደ ሱቋ መጣ። ሱቋ ፒያሳ ላይ ከሰዓት ጠጋኙ ከአምባዬ ጋር የተካፈለችው ጠባብ ክፍል ነው። አግማስ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው። ዜማውንም ቅኔውንም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኋላ አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ኮሌጅ ገብቶ ዕብራይስጥ ያጠና ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ወደ እናቱ ቤት ተመልሷል። ጽሑፉ አጋር፣ የእኛዋ ሃጀር ማለት ነው፣ ከነልጇ ምድረ በዳ ላይ የቀረችበትን ታሪክ ይመረምራል። ታሪኩን በሦስት ምዕራፍ ያስተያየዋል፦ መጀመሪያ በግእዙ ኦሪት፣ ቀጥሎ በዕብራይስጡ፣ መጨረሻ ደግሞ የጥንት አይሁድ የኦሪትን ታሪክ መልሰው በተረኩበት አንድ መጽሐፍ። የዚህ የመጨረሻው ዕብራይስጥ ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ፣ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው።

ዕብራይስጥ እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ የጽሕፈት መኪናው ደግሞ ፊደሉ የለውም። ስለዚህ አግማስ ቃላቱ የሚገቡበትን ቦታ ባዶ እንድትተውለት ለመናት፤ እሱ በእጁ ሊሞላው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሞልቶ ሲያመጣው ኡሙሰልማ አተኩራ አየችው። የብራና ጽሕፈት የለመደ እጁ ፊደሎቹን እንደ ግእዝ አቁሞ፣ ከቃሉ መጨረሻ ተነሥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራቸው ኖሯል። ቦታው አልበቃ እያለው ፊደሎቹ ጫፍ ላይ ተደራርበዋል።

«መምህር፣ ቢፈቅዱልኝ እኔ ልሞክረው» አለችው። «እርስዎ ቃሉን ያሳዩኝ እንጂ ቅርጹ ለእጄ አይከብድም።»

በሸምበቆ ብዕር ከቀኝ ጀምራ አንድ መስመር ጻፈችለት። አግማስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ፊደል በፊደል አየው። ቀድሞ የተናገረው አምባዬ ነው።

«መምህር፣ ኦሪቱን ለሼህ ልጅ ሊያስጽፉት ነው?»

«አንተ፣ የቆመ ሰዓት ሲመጣልህ የእስላም ነው የክርስቲያን ብለህ ነው የምትከፍተው?» አለችው ኡሙሰልማ።

«ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ። የክርስቲያኑ በጾም ይዘገያል፤ የናንተው በረመዳን ይቸኩላል።»

አግማስ ሳቀ፤ ሥራውም በዚያ ተጀመረ። እሱ በእጅ የጻፈውን ያመጣል፣ እሷ ትተይባለች፣ ባዶውን ትሞላለች። ያን መስከረም ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ይመጣ ነበር። አንዳንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ ልወስዳት እሄዳለሁ። ፒያሳ መድረሴን የማውቀው በጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ነው፤ ቤቱ አይታይም፣ ሰው አይታይም፣ ከነጩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ብቻ ይሰማል። ድምፁ ሲቆም ሸምበቆውን እንዳነሣች አውቃለሁ። እዚያው ቆሜ መኪናው እስኪቀጥል እጠብቃለሁ።

አንድ ማታ እራት ላይ እጇን ከሰሃኑ አነሣች።

«ኑርዬ፣ የኦሪቷ ሃጀር አልሮጠችም።»

የተየበችውን ነገረችኝ። በአቁማዳው የነበረው ውሃ ሲያልቅ ያቺ እናት ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ፣ ቀስት የሚደርስበትን ያህል ርቃ ሄዳ ተቀመጠች። ሲሞት አልይ ብላ ነው።

«ተቀመጠች» አለች ኡሙሰልማ። «እንዲህ ያደረገች እናት እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፦ ያቺ ሴት በኋላ ምን ተባለች? ጥላው ሄደች ተባለች ወይስ ምን? መልሱ ደግሞ አግማስ ገና ባላመጣቸው ገጾች ውስጥ ነው። ለሌላው ደንበኛ የምትሠራውን እየፈጸመች ዓይኗ በሩ ላይ ይውል ነበር። እኔ ፈራሁ። ከሰው የሰማችውን ሰው ሊያስተባብለው ይችላል፤ ከመጽሐፍ የምትሰማውን ማን ያስተባብልልኛል?

በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ አግማስ በያዘው የግእዝ ብራና ላይ፣ የሚያለቅሰው ልጁ ነው፤ የሚሰማውም የእሱ ድምፅ ነው። እናቲቱ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፣ ድምፅ የላትም። ኡሙሰልማ ይህን ስትጨርስ አላስቻላትም፤ ሁለተኛው ገና ሳይጻፍ ጠየቀችው። አንድ ዓርብ ነው፣ እኔም ከጁምዓ ወጥቼ እዚያው ነበርኩ።

«መምህር፣ በዕብራይስጡስ? ያቺ እናት ተወቅሳለች?»

«አልተወቀሰችም። መልአኩ ምን ሆነሻል፣ አትፍሪ ነው የሚላት።»

«አላለቀሰችም ማለት ነው?»

«በዕብራይስጡ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ እህቴ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልቅሳለች።» ቀጠለና፣ «ተሰማ የተባለው ግን የልጁ ድምፅ ነው» አላት።

«እሷ አልቅሳ፣ እሱ ተሰማ?»

«አዎ። እኔንም ሥራ ያስያዘኝ ይኸው ነው። ከጥንት ጀምሮ ያነበበው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል።»

አግማስ የሚያጽናና ሰው መሆን ይችል ነበር፤ ጥያቄዋ ከየት እንደ መጣ ባያውቅም ፊቷን አይቷል። ነገር ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ ነገራት። ያን ቀን ክፉኛ አዘንኩበት። ዛሬ ሳስበው ቃሉን ልታምነው የቻለችው ስለዚያ ነው።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ተየበችው፣ ባዶውንም ሞላችው። «ድምፅ» የሚለውን ቃል ስትጽፍ ከሌላው ይልቅ ዘግይታ እንደ ጻፈችው አምባዬ በኋላ ነግሮኛል። ከዚያ አግማስ ለሦስተኛው ምዕራፍ መምህሮቹን ሊያማክር አዲስ አበባ ሄደና ብዙ ቆየ።

በዚያ ጊዜ ሕልም ማየት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ትነግረኛለች፤ ከዚያ በፊት ሕልም የምታወራ ሴት አልነበረችም። ወሰን የሌለው ነጭ ቦታ ነው። የደሴ ጉም ይሁን ወረቀት ይሁን አሸዋ አታውቀውም። ከግራ የእኛ ፊደሎች ተሰልፈው ይመጣሉ፣ ከቀኝ ደግሞ ሸምበቆው የጻፋቸው። እየተራመዱ ይቀራረባሉ። መሃል ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፊደሎቹ ሊደርሱባት ሲሉ ሙአዚኑ ይጣራና ትነቃለች። አንድ ቀን፣ «ወደ እሷ ነው የሚመጡት ወይስ አልፈዋት ሊሄዱ ነው?» አልኳት። «እሱን እኮ ነው የማላውቀው» አለችኝ።

አግማስ የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። ያን ቀን ኮምቦልቻ መብራት ስለ ጠፋ ቀድሜ ወጥቼ ሱቁ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አምባዬ ሰዓት እየፈታ ነው። አግማስ ወረቀቶቹን ሰጣትና፣ ለዚህኛው ታሪክ ዕብራይስጡ ስላልተገኘ የምትተወው ባዶ ቦታ እንደሌለ ነግሯት አግዳሚው ላይ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። መተየብ ጀመረች። ብዙ መስመር ሄደች። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ሸምበቆ አላነሣችም። ሁለት እጇን መኪናው ላይ እንዳደረገች ነው።

«የሷን ነው የሰማው?» አለች።

«የሷን ነው» አላት አግማስ። «መልአኩ ለምን ታለቅሻለሽ ይላታል። ድምፅሽ ተሰምቷል፤ ልጁም ታይቷል ይላታል።»

«መጽሐፉ ነው የሚለው ወይስ እርስዎ?»

«መጽሐፉ ነው። እኔ ብጨምርበት መምህሮቼ ይጥሉኛል።»

«ርቃ ተቀምጣ ሳለች?»

«ርቃ ተቀምጣ ሳለች። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ።»

አምባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ አያትና አንድም ቀልድ ሳይናገር ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። ኡሙሰልማ የጀመረችውን ገጽ እስከ ታችኛው መስመር ጨረሰች፤ ካልጨረሰች አታወጣም ነበር። ወረቀቱን ከነካርቦኑ አወጣች፣ መኪናውን በጨርቁ ሸፈነች፣ ነጠላዋን ተከናነበች።

«ሆስፒታሉ ድረስ ውሰደኝ» አለችኝ።

 በእግር ሄድን። ጉም ሊወርድ ሲል ያለው ብርሃን ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ቅርብ ይመስላል። ዘበኛው የጠያቂ ሰዓት ሊያልቅ ነው ብሎ አስገባን። ወደ ክፍሎቹ አልሄደችም። ግቢውን ተሻግራ አጥሩ ሥር ያንኑ ቦታ ያዘች። ከዚያ እስከ መስኮቱ ያለውን ርቀት አየችው። ቀስት ምን ያህል እንደሚሄድ አላውቅም፤ ከዚህ የሚበልጥ አይመስለኝም።

«እዚህ ሆኜ አላህን ስለምነው ነበር» አለችኝ። «ድምፅ አውጥቼ ነው የለመንኩት። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።»

ከዚያ አለቀሰች። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ዞሮ የሚያይ የለም፤ ሰዉ ፌስታሉን ይዞ በአጠገባችን ያልፍ ነበር። ጎኗ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ከእኔም ከማንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀችኝ። በእኛ ሴት ወደ ቀብር አትወጣም። የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ።

«ማን አጠበው?»

«አባቴና እኔ።»

«ወደ ጉድጓዱስ ማን አወረደው?»

«እኔ ገብቼ ተቀበልኩት።»

«ሂሻም ከበደህ?»

ስሙን ስትጠራው የሰማሁት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«አልከበደኝም።»

«ፊቱን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን ይመስል ነበር? ንገረኝ።»

ከግንባሩ ጀምሬ ነገርኳት። ቅንድቡን፣ ጉንጩ ላይ የነበረችውን ትንሽ ጭረት፣ ከንፈሩን። ጉሙ ግቢውን እየሞላው መጣ፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ዘበኛው መጥቶ አጠገባችን ቆመና ተመለሰ። ኡሙሰልማ ዓይኗን ከፊቴ ላይ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።