አባቴ ያልዋጧት አስፕሪን

አባቴ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሰቀሉ ያረጁ ሰው ነበሩ። የልብ ሕመም ሲይዛቸው ዛፍ መውጣት ተከለከሉ፤ እሱን እሺ አሉ። አስፕሪኗ ነች ያስቸገረችን። ሐኪሙ በየቀኑ ቁርስ በልተው አንዲት ፍሬ እንዲውጡ አዟቸው ነበር።

«ይቺ የራስ ምታት ናት፤ እኔ ያልኳችሁ ልቤን ነው» አሉ፣ መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ።

እኔ ከወለድኩ በኋላ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝና ግማሽ መልስ አልወድም። የልብ የደም ሥር በጠበበበት ቦታ ደም ረግቶ እንዳይዘጋው እንደምትረዳ፣ ሕመሙን ግን ነቅላ እንደማታጠፋ አስረዳኋቸው።

«ደሜ እርጎ ሆነ በይኛ!» ብለው ሳቁ።

መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም፤ ከምኖርበት ከቦንጋ ወደ እነሱ የምሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ጎረቤታችን መዳፏን ጨብጣ ከደጃችን ትወጣለች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ራሴን ሊፈልጠኝ ነበር» ትላለች።

«አባባ፣ እርስዎስ ዛሬ ዋጡ?»

«ምን ሆኜ? ደህናው ሰውዬ መድኃኒት አቅፌ ቁጭ ብዬ፣ የታመመው ባዶ እጁን ይሂድ?»

በእሳቸው ቤት ማር በተቆረጠ ቀን የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። ኪኒኗንም እንደ ማሩ አዩዋት። ለጎረቤት የሚሆን ሌላ የራስ ምታት መድኃኒት ገዝቼ ለብቻው አስቀመጥኩላቸው። እሱ ሲያልቅ የራሳቸውን መስጠት ቀጠሉ።

ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ጠዋት ደጅ እንደተቀመጡ አረፉ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ፣ «ውጠዋት ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር?» አለችኝ።

ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነበር። እንደ አባቴ ልባቸው አንዴ ከታመመባቸው ሰዎች መካከል በየቀኑ የሚውጧት ከማይውጧት ይልቅ በብዛት ከዳግም አደጋ ይተርፋሉ፤ እየዋጡም የሚሞቱ አሉ። ከተረፉት የትኛው በእሷ እንደተረፈ ሐኪሙም ለይቶ አያውቅም።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበሽ?»

«የተጻፈው ስለ ብዙ ሰው ነው። ስለ አባባ ብቻ የተጻፈ የለም።»

«እንግዲያው ቢውጧትም አይተርፉም ነበር በይኝ» አለች። ድምፅዋ የልመና ነበር። እንዲህ ለምናኝ አታውቅም።

እንዲያ ልላት አልቻልኩም። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅማ። እናቴ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች፤ የዚያን ዕለት ዳግመኛ አላናገረችኝም።