በወስፌ የሰመርኩት መስመር

ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ንፋስ መውጫ ሳይንስ እንዳስተምር ተላክሁ። ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ሰው ሲሸኙኝ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ የአሲድ ዱቄትና ሌላውን ቅመም ሰጥተው፣ «አስፕሪን ሠርተህ ላክልኝ፤ ንጹሕ ከሆነ ስትመለስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳቴ ትሆናለህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ።

ላምባ ምድጃ ላይ አሙቄ፣ አቀዝቅዤ፣ አጥልዬ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ግን ወደ አስፕሪን ያልተለወጠው አሲድም ነጭ ዱቄት ነው። የሚለየው እንዲህ ነው፦ መስታወት ላይ ፈሳሽ የሚመጥ የሌላ ዱቄት ስስ ልባስ ይቀባል፤ ከታች መስመር ተሰምሮ የአሲዱና አዲስ የተሠራው ዱቄት ሟሟተው ጠብታቸው ጎን ለጎን ይደረግበታል፤ ከዚያ የመስታወቱ እግር ፈሳሽ ውስጥ ይቆማል። ፈሳሹ ልባሱን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ጠብታዎቹን ያስከትላል። የተለያዩ ከሆኑ የተለያየ ቦታ ይደርሳሉ።

መስመሩ በእርሳስ፣ ያውም በስሱ ነው የሚሰመረው። እኔ ግን የቁም ጸሐፊ ልጅ! እስቴ ባለው አባቴ ቤት ብራና የሚሰመረው በወስፌ ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። ወስፌዬን አንስቼ ከዳር እስከ ዳር ጥርት አድርጌ ሰመርኩና ሁለቱን ጠብታዎች አኑሬ መስታወቱን ፈሳሹ ውስጥ አቁሜ፣ ደወል ስለተደወለ ክፍል ገባሁ።

ስመለስ አውጥቼ፣ ጠብታዎቹ የደረሱበት እንዲታይ በአዮዲን አጠንኩት። ሁለቱ ነጠብጣቦች መስመሩ ላይ ተገትረዋል፣ እኩል! «በቃ፣ ያው አሲዱ ነው፤ ምንም አልተሠራም» አልኩ። በንዴት ያን ሁሉ ዱቄት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላስቀረሁም።

በማግስቱ አባቴ ከእስቴ በእግራቸው ሊጠይቁኝ መጡ። የሆነውን ስነግራቸው መስታወቱን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ብራና ቆዳ ነው፤ ወስፌ ይችላል። ይኸን ልባስ ግን እስከ መስታወቱ ቆርጠኸዋል። ለመሆኑ ውሃው ራሱ የት ደረሰ? አላየህም?»

አላየሁም! ማንም ጀማሪ አስቀድሞ የሚያየው ፈሳሹ እስከ የት እንደ ወጣ ነው። ፈሳሹ ጭረቱ ጋ ቆሞ ቀርቷል። ስለ ዱቄቱ መስታወቱ አንዳች አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ከሆዴ ያነበብኩት። የደፋሁት ንጹሕ አስፕሪን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የረዳትነቱም ነገር በዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የኔ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ነድጄ ስለ ነበር፣ «ወስፌ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት! እርስዎ ነዎት ያጠፉኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ያን ሁሉ መንገድ ለመጡ ሰው ውሃ እንኳ አላቀረብኩም።

አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አወረዱና አንገታቸውን ደፍተው፣ «ካጠፋሁ ማረኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አባት ለልጁ! እኔ ደግሞ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ይቅር» እንኳ አላልኳቸውም።