ግራ ኪስ ውስጥ የቀረችው የበቆሎ ፍሬ

ኦሪን ሃቨርካምፕ ዝምተኛ ሰው ነው። አዮዋ ካለው እርሻው ላይ ከላሞቹ ጋር መዋል ይሻለዋል፤ ሰው በበዛበት ምላሱ ይተሳሰርበታል። ቢሆንም ግንቦት በመጣ ቁጥር የኮሌጆች ሻምፒዮና ላይ ለረጅም ርቀት ሯጮች ዙር ይቆጥራል። ማንም አያስገድደውም። ዘንድሮ ግን ጉልበቱም ወገቡም ደክሞበታል። ጠዋት ጫማውን ሲያስር፣ ብቀርስ ምን እሆናለሁ ብሎ ነበር።

በወጣትነቱ እሱም ለኮሌጁ ሮጧል። ያኔ የሚሮጥበት መም የከሰል ድቃቂ ነበር። ዝናብ ሲመታው ይቦካል፤ የወደቀበት ሰው ጉልበቱ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይኖራል። ኦሪንም ያቺ ነጥብ እስከ ዛሬ አለችው። ርቀቱም ስድስት ማይል ነበር፣ ሃያ አራት ዙር። ሴት አይገባም፤ ትልልቆቹ "ይጎዳቸዋል" ይሉ ነበር፣ እሱም ያምናቸው ነበር። በኋላ ማይሉ ቀረና አሥር ሺህ ሜትር ሆነ፣ ሃያ አምስት ዙር። ከዚያ ደግሞ፣ ስንት ክርክር ካለፈ በኋላ፣ ሴቶቹም ገቡ።

የሱ አቆጣጠር እንዲህ ነው። ግራ ኪሱ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ይይዛል። የተመደበችለት ሯጭ መስመሩን ባለፈች ቁጥር አንዷን ወደ ቀኝ ኪሱ ያዛውራል። ወረቀት ላይም ምልክት ያደርጋል፤ ልቡ ግን በቆሎው ላይ ነው። ድሮ ሃያ አራት ፍሬ ነበር የሚይዘው። ሜትሩ ሲመጣ አንዲት ጨመረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዶሮ ልትቀልብ ነው የመጣኸው?" አለችው የዳኞቹ አለቃ ሎሬታ። በየዓመቱ ያችው ቀልድ ናት።

"ዶሮ እንኳ ይሻላል። ቀልድ አይደግምም" አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል አረንጓዴ ማልያ የለበሰች ቀጭን ልጅ መጣች። ማርሊስ ፌንስኬ ትባላለች።

"እኔን የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ መሰለኝ።"

"አምናም ካቻምናም አቋርጬ ወጣሁ። አሁን ልመረቅ ነው፣ ሌላ ዕድል የለኝም። ማሸነፉ ይቅርብኝ። ከጨረሱት ጋር ስሜ ይጻፍልኝ ብቻ።"

"በቆሎ ይዣለሁ" አላት ኦሪን። ልጅቷ ሳቀች።

ዝናቡ ገና ከጅምሩ ያዛቸው። መሪዋ ኋላ የቀሩትን በአንድ ሙሉ ዙር እየደረበች ታልፍ ጀመር፤ ሁሉም ተደባለቀ፣ የፊተኛዋና የኋለኛዋ አንድ ላይ ሆኑ። ወደ መጨረሻው፣ አንድ ዙር ብቻ መቅረቱን የሚናገረው ደወል ለመሪዋ ተደወለ። ማርሊስ በዚያች ቅጽበት ከመሪዋ ኋላ ተጠግታ ነበረች። ደወሉ የራሷ መሰላት። ያላትን አሟጣ ሮጠች፣ መስመሩን አለፈችና ሣሩ ላይ ተዘረረች። አሰልጣኟ ብርድ ልብስ ይዞ ወደሷ ሮጠ።

ኦሪን ግራ ኪሱን ዳበሰ። አንዲት ፍሬ አለች።

ጠዋት ጎተራ ውስጥ ፍሬውን ሲቆጥር ሚስቱ ለቁርስ ጠርታው ነበር። በትክክል ይዞ ነው የወጣው ወይስ አንዲት ትርፍ ጨምሮ? ወረቀቱን አየ፤ ዝናቡ ምልክቱን አጥቦታል።

"አረንጓዴዋ ጨርሳለች አይደል?" አለችው ሎሬታ።

አዎ ቢል በቀለለው። ብሳሳት፣ አለ በሆዱ፣ ልጅቷ በከንቱ አንድ ዙር ትለፋለች። ዝም ብል ግን፣ ልክ ከሆንኩ፣ ስሟ የለም። ይኼን ሲያስብ አሰልጣኙ ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

"አትንካት!" ብሎ ጮኸ ኦሪን። እሱ ራሱ ደነገጠ። "አንድ ዙር ይቀራታል! ሰው ካነሳት ውድድሩ ይሰረዝባታል!"

"አብደሃል እንዴ? ደወሉ እኮ ተደወለ!" አለ አሰልጣኙ።

"ለመሪዋ ነው የተደወለው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም" አለ ኦሪን። ከዚያ እያነከሰ ወደ ልጅቷ ሄዶ ከላይዋ ቆመ። "ልጄ፣ አንዲት ፍሬ ኪሴ ውስጥ ቀርታለች። እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ግን ተነሽ።"

ማርሊስ ዓይኗን ጨፈነች። "ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ቢናገሩ!" አለች በተቆራረጠ ትንፋሽ። ተንበረከከች። በእጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳችና ሄደች። መጀመሪያ ሩጫም አይባልም፣ ውልግድግድ ነው።

ሌሎቹ ሁሉ ገብተው ነበር። ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ እየወጣ ነው። በወዲያኛው በኩል ሠራተኞቹ ለቀጣዩ ውድድር መሰናክል መደርደር ጀመሩ፤ አንዱ ሲያያት የያዘውን ሳያስቀምጥ ቆሞ አሳለፋት። ሎሬታ የሰዓቱን ወረቀት በጃኬቷ ከልላ ከላይ እስከ ታች ስትመለከት ቆየች።

"ልክ ነህ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ አንድ ዙር ዘልዬ የቆጠርኩት።"

ማርሊስ መስመሩን ስታልፍ ኦሪን ፍሬዋን ወደ ቀኝ ኪሱ አዛወረ። ልጅቷ እርጥቡ አግዳሚ ላይ ዘጭ አለች። እሱም ጉልበቱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ጨረስኩ?" አለች።

"ጨርሰሻል።"

"ደህና አድርገው ይዩልኝ። ሌላ ዙር አልችልም።"

ኦሪን ግራ ኪሱን ገልብጦ አወጣና አሳያት። ጥቂት ገለባ ብቻ ረገፈ።